ስም ከመጠየቅ በፊት

በሆስፒታሉ በር ላይ የጸጥታ ሰዎች ሲይዙኝ ነጭ ጋውኔን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። የአንጎል ቀዶ ሕክምና አጠና የነበርሁ ወጣት ሐኪም ነበርሁ። ወንጀሌ ስልኬ ውስጥ ተገኘ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ትምህርት ለገጠር ጤና ባለሙያዎች በስልክ እልክ ነበር፤ ከኮሶዬ እስከ ሳንጃ ያሉ የተማሪዎቼ ቁጥሮችም እዚያው ተመዝግበው ነበር። መርማሪው ቁጥሮቹን አይቶ፣ «ይሄ ትምህርት ሳይሆን ድርጅት ነው» አለኝ። ስለ አንጎል ደም መፍሰስ ላስረዳው ሞከርሁ። ጅል ነበርሁ።

የታሰርሁባት ክፍል የሽንት ባልዲና የረጠበ ብርድ ልብስ ትሸታለች። ብርሃን የሚገባው በሩ ላይ ባለች መዳፍ በምታህል ቀዳዳ ነው። ውስጥ አንድ የጎንደር ጨርቅ ነጋዴ አገኘሁ፤ ጋቢውን አጋራኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከመንገድ የታፈሱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከምርመራ አምጥተው ጣሉብን። ከጆሯቸው በላይ አብጧል። ቢሆንም ተነሥተው ተቀመጡ፤ ውኃም ጠጡ። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ደህና መምሰላቸው ነው። እንዲህ የተመታ ሰው ደሙ ውስጥ ለውስጥ እየተጠራቀመ ለጥቂት ሰዓት ደህና ይሆንና ድንገት ራሱን ይስታል። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ስለዚህ አእምሯቸው እንዳልደከመ ለማወቅ፣ በትምህርቴ ላይ ራሴ እንደጻፍሁት ስም በመጠየቅ ጀመርሁ።

«ስምዎ ማነው፣ አባቴ?»

ዝም።

«ከየት ነዎት? ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይቼ ደገምሁ፤ አሁንም ዝም። ዝምታው እልህ ይሁን ሕመም መለየት አቃተኝ። እየጠየቅሁ ሁለት ሰዓት አለፈ።

በመጨረሻ ነጋዴው ክንዴን ያዘኝ። «ምነው ዶክተር! ሲደበድቧቸው የጠየቋቸውን እኮ ነው የምትጠይቃቸው። ጆሮ ጠቢ መስለሃቸው ነው።»

አፈርሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያደግሁበትን ሰፈር ነገርኋቸው። ሐኪም መሆኔንም፣ ለምን እንደታሰርሁም። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ።

«የማን ልጅ ነህ አልኸኝ?»

ደገምሁላቸው።

«ሸጋ። እነዚህ ስሜን ካወቁ ልጆቼን ይይዟቸዋል፤ ለዚያ ነው» አሉ። ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ አገራቸው ሳንጃ መሆኑንም ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ምላሳቸው ተሳሰረ። ፊታቸውን ወደ ቀዳዳዋ ብርሃን አቀናሁ። የግራ ዓይናቸው ብሌን ሰፍቶ ቀርቷል፤ ደሙ አንጎላቸውን መጫን ጀምሯል ማለት ነው።

በሩን ደበደብሁ። ጠባቂው፣ «አዛዡ ሳይፈቅድ ሆስፒታል አይሄዱም፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው» አለ። ሆስፒታሉ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። አዛዡ ሲመለስ የሚወሰድ ሬሳ ብቻ ቀርቷል።

ጠባቂው ወረቀት ይዞ መጣ። «የሟች ስም?»

ከነጋዴው ጋር ተያየን።

«አልነገሩንም» አልሁ።

«እኔም አልሰማሁ» አለ ነጋዴው፤ ጋቢውንም አውልቆ ሽማግሌውን ሸፈናቸው። ለዚያች መልስ ሦስት ቀን ቆመን እንድናድር ተደረግን።

ስንፈታ ሳንጃ ወርጄ ስሙን ለልጆቻቸው በእጄ ያለ አደራ ነው ብዬ መለስሁ። ሁለት ሰዓት መዘግየቴንም አልደበቅኋቸውም። እነሱ ይቅር አሉኝ፤ እኔ ግን ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁም።

አሁንም ያንኑ ትምህርት በስልክ እልካለሁ። የመጀመሪያው መስመር ግን ተለውጧል፦ «ስም ከመጠየቅህ በፊት የራስህን ተናገር።» በቅርቡ አንዲት ተማሪ፣ ታማሚው እየደማ ለዚህ ጊዜ ማጥፋት ለምን አስፈለገ ብላ ጻፈችልኝ።

«ሁለት ሰዓት ያተርፍልሻል» ብዬ መለስሁላት።