የዶ ኦን ቲን ሁለት ሰባተኛ ቀኖች

ዶ ኦን ቲን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። «ዶ» በእኛ እንደ «እማማ» ነው፤ ግድግዳችን አንድ ሆኖ በጉርብትና አርባ ዓመት ስንኖር ሲቆጡም ሲስቁም በሹክሹክታ ነበር። ተፈጥሯቸው አይደለም፤ እንዲህ ያደረጋቸው ሥራቸው ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመታቸው ጀምሮ እዚሁ ማንዳሌ ከተማ በወርቅ ቅጠል ቤት ሠርተዋል። ወንዶቹ ደጅ በመዶሻ ሲቀጠቅጡት የዋሉት ወርቅ እጅግ ሳስቶ ወደ ሴቶቹ ክፍል ይገባል። ሴቶቹ በቀንድ ቢላ እየቆረጡ ወረቀት ላይ ያስተኙታል። መስኮት የለ፣ ማራገቢያ የለ፣ በሩ ዝግ ነው። አንዷ ካስነጠሰች የጧቱ ሥራ ሁሉ አየር ላይ ይበተናል። ስለዚህ ትንፋሻቸውን ቆጥበው ያወጣሉ፤ ወሬያቸውንም እንደዚያው።

እንግሊዝ ባንዲራውን ሲያወርድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ጄኔራሎቹ ፓርላማውን ሲዘጉ ደግሞ ወርቅ ሲቆርጡ ነው የዋሉት። መንግሥት መለወጡ የገባቸው ቆይቶ፣ የሩዝ ሱቁ ባለቤት ተባርሮ በቦታው ወታደር የተቀመጠ ጊዜ ነው። «ሚዛኑ ግን ያው ነው፤ ያኔም ይሰርቅ ነበር፣ አሁንም ይሰርቃል» ይሉ ነበር። ፖለቲካ ማለት ለእሳቸው ይኸው ነበር።

ባላቸው ኡ ፖ ቴት ወርቅ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሃያ ምናምን ዓመት ስድስት ኪሎ መዶሻ ሲያነሱ ኖረው በመጨረሻ ትከሻቸው አልታዘዝ አለ። አንድያ ልጃቸው ዊን ቦ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጦሩ ለቤተሰብ ሩዝና ዘይት ይሰጣል ተባለ። ልጁ አንድ ጧት ጠጉሩን ተላጭቶ በራችን ላይ ብቅ አለ።

«መነኮስክ እንዴ?» አልኩት።

«አይ እት ኒላ፣ ተቀጠርኩ።»

«ወታደርነት ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?»

«ሩዝ ያለበት ሁሉ ሥራ ነው» አለኝ እየሳቀ። ተጫዋች ነበር፤ ማንጎ ሰርቆ እንኳ ለባለቤቱ የሚያካፍል ዓይነት ልጅ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አራቱ ስምንት የምንለው ቀን መጣ። በፈረንጆቹ ሰማንያ ስምንት ዓመት፣ በስምንተኛው ወር፣ በስምንተኛው ቀን አገሩ በሙሉ በጄኔራሎቹ ላይ ለሰልፍ ወጣ፤ ጦሩም ተኮሰ። ታናሽ ወንድሜ ሄይን የሕክምና ተማሪ ነበር። በማግሥቱ ቁስለኛ ላነሳ ነው ብሎ እንደወጣ በጥይት መቱት። ሬሳውንም አልሰጡንም። ዊን ቦ ያኔ ሩቅ ድንበር ላይ ከአማፂዎች ጋር ይዋጋ ነበር። ወንድሜን እሱ እንዳልገደለው አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልፈየደልኝም።

በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ነፍስ እስከ ሰባት ቀን ከደጁ አትርቅም። በሰባተኛው ቀን መነኮሳት ተጠርተው ይበላሉ፣ ይጸልያሉ። ቤተሰቡ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገ የበጎ ሥራውን ዋጋ ለሟቹ ያካፍላል፤ ሦስት ጊዜ ይጠራዋል፤ የሰማ ሁሉም ሦስት ጊዜ «መልካም ሆነ» ብሎ ይመልሳል። ነፍሲቱ መንገዷን የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ያልተደረገላት ደጅ ለደጅ ስትንከራተት ትኖራለች። ለሄይን ያለ ሬሳ ሰባተኛ ቀኑን አደረግንለት። ዶ ኦን ቲን ሩዝ በድስት ይዘው መጡ። እናቴ ተቀበለቻቸው፤ እኔ በጓሮ ዞሬ ለውሻ ደፋሁት።

በሁለተኛው ዓመት ጄኔራሎቹ ምርጫ አደረጉ፤ ተሸነፉ፤ ሥልጣኑን ግን አንለቅም አሉ። በዚያው ክረምት የአራቱን ስምንት መታሰቢያ ለማክበር በወጡ መነኮሳት ላይ ማንዳሌ ውስጥ ተተኮሰ። መነኮሳቱ ዱላም ጠመንጃም የላቸው፤ በእጃቸው ያለው የምጽዋት ሳህናቸው ብቻ ነው። ተሰብስበው ተማማሉ፤ ከወታደርና ከወታደር ቤት ምጽዋት አንቀበልም፣ ደጁንም አንረግጥም አሉ። ለእኛ ከዚህ የከበደ እርግማን የለም።

አባ ኬማ ያኔ ወጣት መነኩሴ ነበሩ፤ ከታች አገር መጥተው ሰፈሩን ገና አልለመዱትም። አንድ ከሰዓት በኋላ አገኙኝና «በዚህ መንገድ የወታደር ቤት የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጣቴን ቀሰርኩ። ማንም አላስገደደኝም።

በማግሥቱ ጧት ዶ ኦን ቲን እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ትኩስ ሩዝ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆሙ። አባ ኬማ ፊታቸው ሲደርሱ ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ገለበጡትና አለፉ። ከኋላ የተሰለፉት ስምንቱም እየገለበጡ አለፉ። ዶ ኦን ቲን ማንኪያውን እንደያዙ ሩዙ እስኪቀዘቅዝ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ኒላዬ፣ ምናልባት ዛሬ ጠግበው ይሆን?»

«አዎ ጠግበዋል፤ ጥይት ነው የጠገቡት» አልኳቸውና በሬን ዘጋሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኡ ፖ ቴት ሞቱ። በቀብሩ ማግሥት እናቴ «አብረሻት ሂጂ፤ ጎረቤት ናት» ብላ አስገድዳ ከዶ ኦን ቲን ጋር ወደ ገዳሙ ላከችኝ። ዶ ኦን ቲን አባ ኬማ ፊት ሦስት ጊዜ ሰገዱ።

«አባ፣ ባለቤቴ አረፈ። ማክሰኞ ሰባተኛ ቀኑ ነው።»

«ሰምቻለሁ እናቴ፣ አዝኛለሁ። ግን ምለናል። የወታደር ቤት አንገባም።»

«ወርቅ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። የቡድሃ ፊት ላይ የሚለጠፈውን ወርቅ! እሱ ማንን ገደለ?»

«እሳቸው ማንንም አልገደሉም።»

«ታዲያ ደጅ ላይ ሲንከራተት ይኑር?»

አባ ኬማም የጨነቃቸው ይመስለኛል። «እናቴ፣ ቤትዎ የወታደር ቤት ካልሆነ እንመጣለን። ወታደር ልጅ የለኝም ብለው በሰው ፊት ይናገሩ፤ ዘጠኛችንም እንመጣለን።»

ስንመለስ በመንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ኒላዬ፣ ዊን ቦ ቢሰማ ይገባዋል አይደል? ለአባቱ ብዬ ነው። በኋላ ራሴ አስረዳዋለሁ።» ክንዴን አስለቅቄ ቀደምኳቸው።

ማክሰኞ ጧት ዘጠኙ መነኮሳት መጥተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሰፈርተኛው ግቢውን ሞላው፤ ግማሹ ለማዘን፣ ግማሹ ለመስማት። አባ ኬማ ሳህናቸውን ሳይከፍቱ «እናቴ፣ ይህ ቤት የወታደር ቤት ነው?» አሉ።

«አይደለም» አሉ ዶ ኦን ቲን።

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ያ ድምፅ የኔ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የጮሁት። «ወታደር ልጅ የለኝም! ልጅ የሚባል የለኝም!»

ሰው አንድ በአንድ ወደ መንገዱ መዞር ሲጀምር እኔም ዞርኩ። ዊን ቦ በሩ ላይ ቆሟል። ሎንጂ የምንለውን ሽርጥ ለብሶ፣ ከረጢት አንግቦ፣ ከመንገድ አቧራ ጋር። አባቱ የሞቱ ዕለት እናቱ ቴሌግራም ልከውለት ነበር፤ ፈቃድ ይሰጡታል ብሎ ግን የጠበቀ አልነበረም። ልጁ እናቱን አየ፣ መነኮሳቱን አየ። ከዚያ እዚያው መንገዱ ላይ ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ ሰገደ፤ ደጁን ሳይረግጥ ተመልሶ ሄደ። ዶ ኦን ቲን ብድግ ሊሉ ሲሉ ጸሎቱ ተጀምሮ ነበር፤ የውሃው ማሰሮ እጃቸው ላይ ነው፤ አቋርጠው ቢነሡ የባላቸው ነገር ሊበላሽ ነው። ተቀመጡ። ጠብ ጠብ ማለት የነበረበት ውሃ ባንድ ጊዜ ተደፋ። እኛም «መልካም ሆነ» አልን።

ብዙም ሳይቆይ ጦሩ ገዳማቱን ከበበ። አባ ኬማን ልብሰ ምንኩስናቸውን አስወልቀው ወሰዷቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ታሰሩ። ሳህኖቹ በግድ ተቃኑ። ዶ ኦን ቲን እንደ ድሮው ጧት ጧት መመጽወት ጀመሩ። ከልጃቸው ግን ወሬ የለም። እኔ መጻፍ ስለምችል ለጦር ክፍሉ የሚላኩትን ደብዳቤዎች የምጽፍላቸው እኔ ሆንኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አትጠይቁኝ፤ በቀሰርኩት ጣት ነበር የምጽፈው። በየዓመቱ የሚያስጽፉኝ ያው ነው፦ «ያልኩት ለአባትህ ብዬ ነው። አኩርፈህ እንደሆነ ይብቃህ፤ ና።» አንድም መልስ አልመጣም።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። ነዳጅ ተወድዶ መነኮሳቱ እንደገና አደባባይ በወጡበት ወር፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው በክራንች እየተደገፈ ሰፈራችን መጣ። «የዊን ቦ እናት ቤት የት ነው?» አለ። ዶ ኦን ቲን ሻይ ሊቀዱለት ሲሉ ከለከላቸው።

«በዚያው ዓመት ነው የሞተው፣ እናቴ። ከፈቃድ በተመለሰ በሦስተኛው ወር። ፈንጂ ነው። ከኔ እግሬን፣ ከሱ ሁሉን ወሰደ።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አሉ።

«ማንን ይንገሩ? ከፈቃድ እንደተመለሰ መዝገቡን አስቀየረ። ቤተሰብ በሚለው ላይ ‹የለኝም› ብሎ አጻፈ። ‹ምነው አበድክ?› ብለው፣ ‹ቤቱ የወታደር ቤት ካልሆነ መነኮሳቱ አይቀሩባትም› አለኝ። ደብዳቤ ሲመጣም ቤተሰብ የለውም ተብሎ ይጣል ነበር።»

እኔ ሰውዬው ላይ ጮህኩበት። «አሥራ ሰባት ዓመት የት ነበርክ አንተ!»

«አንቺ ሴት፣ የወታደር ክራንች ይዤ የማንን በር ላንኳኳ? አሁንም ሐኪሙ ብዙ አትቆይም ቢለኝ ነው የመጣሁት።»

ዶ ኦን ቲን አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «ሰባተኛ ቀኑን ያደረገለት ሰው አለ?»

«በዚያ ጫካ፣ እናቴ?» አለና አቀረቀረ።

አባ ኬማ ከእስር ወጥተው አሁን የገዳሙ አለቃ ሆነዋል፤ ከስተው ዓይን ብቻ ቀርተዋል። ሳህኖቹ ደግሞ በዚያው ሳምንት በወታደር ላይ ዳግመኛ ተገልብጠዋል። ከዶ ኦን ቲን ጋር ወደ ገዳሙ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ማንም አላስገደደኝም። አባ ኬማ የሰፈሩን ወሬ ቀድመው ሰምተዋል፤ ዶ ኦን ቲንን ገና ሳይቀመጡ ነው የለመኗቸው።

«እናቴ፣ ዘመድ ሞቶብኝ ነው ይበሉኝ። ምን ዘመድ ብዬ አልጠይቅም። ነገውኑ እመጣለሁ።»

«ልጄ ነው የሞተው።»

«ዘመድ ይበሉኝ፣ እባክዎ።»

«ልጄ ነው፤ ወታደር ነበር። አባ፣ አንድ ጊዜ ክጄዋለሁ። በራሱ ሰባተኛ ቀን ደግሜ ልካደው?»

አባ ኬማ አለቀሱ። አልመጡም ግን። መሐላው ዘጠኝ ዓመት የታሰሩበት መሐላ ነበር፤ ከየት አምጥተው ያፍርሱት? እኔ በእሳቸው መፍረድ አልችልም።

በሰባተኛው ቀን፣ ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ ተቆጥሮ፣ ዶ ኦን ቲን ለዘጠኝ መነኩሴ የሚበቃ ምግብ ሠርተው ምንጣፉን ዘረጉ። ሰው አልመጣም፤ የሚጠላው በጥላቻው፣ የሚፈራው በፍርሃቱ ቀረ። ብቻዬን ሄጄ ተቀመጥኩ። ዶ ኦን ቲን ማሰሮውን አንሥተው ውሃውን ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመሩ።

«ለልጄ ለዊን ቦ፣ ለወታደሩ። የበጎ ሥራዬን እኩሌታ ውሰድ» አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

መመለስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ የሰማ ሰው የለም። እምልላችኋለሁ፣ ልመልስ ነበር የሄድኩት። አፌን ስከፍት ግን ሄይን መጣብኝ፤ ሬሳውን እንኳ ያላየሁት ወንድሜ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ዶ ኦን ቲን ጠበቁኝ። ውሃው እንዳያልቅ ማሰሮውን ቀና አድርገው ረጅም ጊዜ ጠበቁኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከኔ አንሥተው «መልካም ሆነ» አሉ። ሦስት ጊዜ ራሳቸው ጠሩ፣ ሦስት ጊዜ ራሳቸው መለሱ።