በአሥራ አራት ወር የምትበልጠው መንታ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። እየፈራሁ ነው የምጽፈው፤ ሆኖም ያን ቀን ሳስታውስ ልቤ ዛሬም በደስታ ይዘላል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝም ይኸው ደስታ ነው።

አዳማ ውስጥ በአንድ የምርምር ሥራ ተቀጥሬ ነበር። ዕድሜ ሲጨምር በዲኤንኤያችን ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ይለጠፋሉ፣ ይነሳሉም፤ በልጆች ላይ ለውጡ ፈጣን ነው። ከጉንጫቸው ውስጥ በጥጥ ናሙና ወስደን፣ ምልክቶቹን አንብበን፣ የሰውነታቸውን ዕድሜ እንገምታለን። የልጆቹ ውጤት ከእኛ ክፍል እንደማይወጣ የሚገልጸውን የስምምነት ወረቀት ለወላጆች የማነበው ራሴ ነበርኩ።

ቆቃ መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡት አዴ ለሊሴ፣ ሶሬቲንና ሲፈንን የሰባት ዓመት መንቶች ብለው አስመዘገቡ። ውጤቱ ሲመጣ ሶሬቲ ሲፈንን በአሥራ አራት ወር በለጠቻት። ናሙና ተቀያይሮ ይሆን ብዬ ደግሜ አሠራሁት፤ ያው ነው። የአንዷ መንታ ሰውነት እንዴት እንዲህ ቀደመ? ምን አግኝቼ ይሆን? ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራው እኔ፣ ለአለቃዬ እንኳ ሳልነግር ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አዴ ለሊሴ ከነፍኩ።

ልጆቹ አጠገባቸው ነበሩ። ዞር እስኪሉ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅሁም። አካም ጅርቱ ብዬ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁና ሶሬቲ እንደምትበልጥ ተናገርኩ።

"በይ፣ ታላቅሽ ነኝ፤ ውኃ አምጪልኝ" አለች ሶሬቲ።

"እኔ ስወለድ አንቺ ዳዴ ትይ ነበር?" ሲፈን ሳቀች።

አዴ ለሊሴ አልሳቁም። ልጆቹን ጨው እንዲያመጡ ላኳቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሶሬቲ የጉዲፈቻ ልጃቸው መሆኗን ነገሩኝ። ልጅ አጥተው ሲኖሩ በጨቅላነቷ ተቀበሏት፤ እሷን እያሳደጉ ሲፈንን ወለዱ። ትምህርት ቤት ሲያስገቧቸው መንታ ናቸው አሉ።

"'የወለድሻት የትኛዋን ነው?' የሚል እንዳይኖር ብዬ ነው፣ ልጄ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ምን ብዬ ጠየቅሁ? ስንት ወር ይበላለጣሉ ብዬ!

"አሥራ ሦስት" አሉ፣ ግራ ገብቷቸው።

በአንድ ወር ብቻ ነው የሳትኩት። ደስታዬ ድምፄን ከፍ አደረገው፤ "ሶሬቲን እርስዎ ካልወለዷት ሁሉም ነገር ገጠመ ማለት ነው!" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

ዘወር ስል ሶሬቲ ጨው ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

"እማ፣ ምን እያለች ነው?"

እናቷ ስበው አቀፏት። ልጅቷ ስታለቅስ እየሰማሁ እንኳ ውስጤ "አንድ ወር ብቻ" ይል ነበር።

ተሳሳትኩ ብል ይቀለኝ ነበር። አልተሳሳትኩም፤ ግምቴ ትክክል ነበር፣ የበደልኩትም በዚያው በትክክሉ ነገር ነው። ለእውቀት ካለኝ ፍቅር የተነሳ ነው አልልም። ይቅርታው የሶሬቲ ነው። አድጋ ራሷ እስክትወስን እጠብቃለሁ፤ እምቢ ካለችኝም እውነቷን ነው።