የሁለት ሰርቨር ቤት

ኮስታሪት ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው፤ አልተሳሳቱም። የማሠልጠኛው ኮምፒውተር ክፍል የእሷ ነው። ማሽኖቹ የሚነሱበትን ፕሮግራም የሚያኖሩበት ሃርድ ዲስክ የላቸውም። ሲበሩ የኔትወርክ ካርዳቸው «ማን ያስነሳኛል?» ብሎ በገመዱ ይጣራል፣ ጥግ ላይ ያለው ዋናው ማሽን፣ ሰርቨሯ፣ ይመልሳል፣ ማሽኑ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ በኋላ በራሱ ይሄዳል። ሁሉም ካርድ እንዲህ መጣራት አይችልበትም፤ የሚችሉትን እየሞከረች የመረጠችው፣ እየፈታች የገጠመችው እሷ ናት።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው የእህቷ ባል ቢሮ ነው። እህቷ ከሞተች ወዲህ አይነጋገሩም። «ሐኪም ቤት ሳይወስድ አዘግይቶ የገደላት እሱ ነው» ትላለች፤ እሱ የሚለውን ለመስማት ጆሮ የላትም። ሥራ ግን የግድ ያገናኛልና በመሃል የምትመላለሰው እዚያው የምትማረው የሟቿ ልጅ ናት።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ ገመዴን አይንካ!»

«ለአክስትሽ ንገሪያት፣ የአባቷ ቤት አይደለም!»

እልኸኛው ሰውዬ ቢሮው ውስጥ የራሱን ሰርቨር ተከለ፣ ያውም በዚያው ገመድ ላይ። ከዚያ ወዲህ ማሽን ሲጣራ መልሱ ከሁለት በኩል ይመጣለት ጀመር። አንዱ ከቀደመ ደህና፤ እኩል ከደረሱ ግን ማሽኑ ግራ ተጋብቶ ድርቅ ይላል። ሁለቱም ያውቁታል። እሷ «እሱ ይንቀል»፣ እሱ «እሷ ትንቀል» ብለው ተፋጠጡ።

የልጅቷ የሥራ መቅጠሪያ ፈተና የተሰጠው በዚሁ ክፍል ነበር። ፈታኙ «ደወሉ እስኪደወል ያልጀመረ ይወጣል» አለ። የሌሎቹ ማሽን እንደየዕድላቸው ተነሳ። የእሷ ደረቀ። አጥፍታ አበራችው፤ ደረቀ።

አባትየው በበሩ መስታወት ብቅ ብሎ አይቶ ተመለሰ።

«ምን ያፈጣል ይሄ!» አለች ኮስታሪት ጥጉ ላይ ሰርቨሯ አጠገብ ቆማ። ደሟ ፈልቷል፤ አንጀቷ ግን አልቻለም። «ለእሱ ብዬ እንዳይመስለው» ብላ እያጉረመረመች የሰርቨሯን ገመድ ነቀለች።

ልጅቷ እንደገና አበራች። ማሽኑ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። የመለሰለት የለም። ደወሉ ተደወለ።

ኮስታሪት ልትሳደብ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ሰውየው ቢሮው በር ላይ ቆሟል፤ የራሱን ሰርቨር ገመድ ነቅሎ በእጁ ይዟል። የእሷም በእጇ ነበር።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ በመሃላቸው አለፈች፤ አንዳቸውንም ቀና ብላ አላየችም።

«ለአባትሽ ንገሪው...» አለች ኮስታሪት ከኋላዋ።

ልጅቷ ግን የውጭውን በር ዘግታ ሄዳ ነበር።