በጡት መያዣዬ የተላከከ ጥፋት

ይህ ነገር የደረሰብኝ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ ነው። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ባስታወስኩት ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።

ቤታችን ጎንደር አራዳ ነው። ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ የቄስ ልጅ፣ ዳዊት የደገመ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው። አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሊያርሱኝ መጥተው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ያድሩ ነበር።

ወተቴ ብዙ ነበር። ተኝቼ ሳለሁ እየፈሰሰ ቀሚሴንም አንሶላውንም ስለሚያበሰብሰው አማቴን አፈርኩ። ከመውለዴ በፊት ፒያሳ ከዓረቡ ሱቅ የገዛሁት ጡት መያዣ ነበረኝ። ውስጡ ንጹሕ ጨርቅ እያደረግሁ እሱን ለብሼ መተኛት ጀመርኩ። ሰፊ ነበር፤ አንድም ቀን አልጠበበኝም።

በወለድኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የቀኝ ጡቴ ቀልቶና አብጦብኝ ነቃሁ። ጫፉ ከተሰነጠቀ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። አማቴ ሊያዩልኝ ቀሚሴን ገለጥ ሲያደርጉ ጡት መያዣውን አዩት።

«ይህን ለብሰሽ ነው የምታድሪው? ምነው ልጄ፣ ጥጃ ታስሮ ያድራል እንጂ ጡት ታስሮ ያድራል?» አሉኝ።

አስወልቀውኝ እሳት ውስጥ ጨመሩት። እዚያው ቁጭ ብለው ፍርዱን ሰጡ። ታስሮ ያደረ ወተት መርዝ ስለሆነ ልጁ ከቀኝ ጡቴ እንዳይጠባ። ሰባት ቀን ጠበል እንድጠጣና ጡቴ በጠበል እንዲታጠብ። ጠበል የያዘ ሰው ደግሞ መድኃኒት ከነካ ስለሚብስበት ሐኪም ቤት የሚባል ነገር እንዳይነሳ።

ባለቤቴን ለመንኩት። «እናቴ አምስት ልጅ አሳድጋለች፤ እሷ ታውቃለች» ብሎ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ። እኔም ሞኝ ነበርኩና ጥፋቱ የራሴ ነው ብዬ አመንኩ። ዘመናዊ ልምሰል ብዬ ያመጣሁት ጣጣ መሰለኝ።

አርባ ቀን ሳይሞላኝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለማልችል ጠበሉ በገንቦ ይመጣልኝ ነበር። ልጄ በግራው ጡት ብቻ አልጠግብ ብሎ ያለቅሳል። ቀኙ በወተት ተወጥሮ ድንጋይ ሆኗል። ጠያቂ ሴቶች በመጡ ቁጥር አማቴ ስለ ጡት መያዣው ይነግሩብኛል፤ እነሱም ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ አንቀጠቀጠኝ።

በስድስተኛው ቀን የነፍስ አባታችን ሊጸልዩልኝ መጡ። ሁኔታዬን አይተው ደነገጡ። «ምነው እስካሁን ለሐኪም አላሳያችኋትም?» ሲሉ አማቴ ጠበል እንደያዝኩ ነገሯቸው።

«ጠበል ጠጪ ማለት ሐኪም አትይ ማለት ነው? ጠበሉን የባረከ ሐኪሙንም የፈጠረ እርሱ አይደለም?» አሉና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ተነሥ፣ ጋሪ ጥራ።»

ሐኪሙ ጡቴን በጥቶ ያወጣውን መግል አይቼ ራሴን ልስት ነበር። ሲጨርስ እንደምንም ብዬ ጠየቅሁት፤ ጡት መያዣ ለብሼ ስለተኛሁ ነው ወይ አልኩት።

«ጠባብ ከሆነ ወተቱን ሊያግደው ይችላል፤ ለአራስ ጥሩ አይደለም። ሰፊ ከሆነ ግን ለብሶ መተኛት ምንም አያደርግም» አለኝ። «ያንቺ ሕመም የገባው በተሰነጠቀው ጫፍ ነው። ይህን ያህል ያባሰው ወተቱ ሳይጠባ መክረሙ ነው። ለመሆኑ ልጁ እንዳይጠባ የከለከለው ማን ነው?»

እኔ ባለቤቴን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

እኔ ዳንኩ። ያ ጡት ግን ከዚያ ወዲያ ወተት አልያዘም። ሁለተኛዋን ልጄንም ያሳደግኋት በአንድ ጡት ነው፤ ሌላውን ስትፈልግ እያየሁ።

አማቴ ግን ወሬውን አልተዉትም። ሐኪሙ ያለውን ባለቤቴ እንዳልነገራቸው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባለፈው ወር ከባለቤቴና ከእሳቸው ጋር ጎረቤት አራስ ልንጠይቅ ሄደን፣ በሴቱ ሁሉ ፊት ወደ እኔ እያመለከቱ ለወላዲቱ ምክር ጀመሩ። «ጡት መያዣ ለብሰሽ እንዳትተኚ። ይቺን እያት፣ ጡቷን ያደረቀው እሱ ነው።»

አራሷ ደንግጣ ደረቷን ያዘች።

«እሜቴ፣ ያደረቀው ጨርቁ አይደለም» አልኩ። «ልጄን ከልክለው፣ ሐኪም ከልክለው ያደረቁት እርስዎ ነዎት።» ወደ አራሷ ዞርኩ። «ልጅሽ ጡትሽን ይጥባ እህቴ፤ ካመመሽም ቶሎ ለሐኪም አሳዪ።»

አማቴ ከዚያን ቀን ወዲህ አያናግሩኝም። ባለቤቴ ስንመለስ በመንገድ ላይ «እናቴን በሰው ፊት አዋረድሽ» ብሎ ተቆጣኝ። በተጋባን በስንት ዓመታችን ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ በትኩሳት ስቃጠል ያ ቁጣ የት እንደነበረ ጠየቅሁት። እስካሁንም ይቅርታ አልጠየቅሁም።