የራጁ ቢረሳው ጥያቄ

ነገሌ ቦረና ላይ ታማሚ ብቻውን ክሊኒክ አይሄድም። እግሩ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ወንድሙ፣ አማቱ፣ ጎረቤቱ፣ ከመንገድ የተቀላቀለው ሳይቀር ተከትሎት ይገባል። ታማሚን ለማሽን ጥሎ መውጣት ነውር ነዋ! የራጅ ባለሙያው ቢረሳው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አንድ አጃቢ እያየ ማሽኑን ከሚያስነሳ ደመወዙ ቢቀርበት ይመርጣል።

"ውጡ! ጨረሩ ዘመድ አይለይም!" እያለ እስከ በረንዳው ይነዳቸዋል። እዚያ ቆሞ ማስተማር ይጀምራል፤ ማስተማር ሲወድ ለጉድ ነው። ጨረሩ ሥጋን አልፎ ይሄዳል፣ አጥንት ግን ብዙውን ያስቀረዋል፤ ፊልሙ ላይ አጥንት ነጭ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ከማሽኑ በራቁ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ እርሳስ የተለበጠው ግድግዳ ጀርባ ለቆመ ሰው ደግሞ አይደርስም ማለት ይቻላል። ማብሪያው ሲለቀቅ ያበቃል፣ ማንም ቤቱ ይዞት አይሄድም።

"ታዲያ አንተ ለምን ትደበቃለህ?" አሉት አንድ ቀን ጉራቻ የሚባሉ ሽማግሌ።

"እርስዎ በዓመት አንዴ ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ!"

ደረቱ ላይ የምትንጠለጠለውን የጨረር መለኪያ የገበያው ሰው ኒሻን ይላታል። አንድም ቀን አስተባብሎ አያውቅም።

ሴት ስትገባ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ጽንስ ለጨረር ስስ ስለሆነ ሳይጠይቅ አያነሳም። ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ እሱም ይጮሃል፤ "ነፍሰ ጡር ነሽ? የወር አበባሽ መቼ መጣ?" ሲል በረንዳው ሁሉ ይሰማዋል። ሰውም አይመርጥም። የልጅ ልጅ ያዩትን አዴ ሲንቄን እንኳ ለጉልበታቸው ቢመጡ፣ "እናቴ፣ ነፍሰ ጡር ነዎት?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ዋቃ ከአፍህ ይስማህ!" ብለው ሕመማቸው እስኪጠፋቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባገኙት ቁጥር፣ "አካም ቢረሳው፣ ናጋ? እርግዝናዬ ገፋ እኮ!" ይሉታል።

ይህ ጥያቄ የማይጠየቅበት አንድ ቤት ነበር፤ የራሱ ቤት። ከሚስቱ ከመምህርት በዛብሽ ጋር ከተጋቡ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ ግን የለም። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይጠይቃት ነበር። አንድ ምሽት ስቅስቅ ብላ ስታለቅስበት ጊዜ ተወው። ቢረሳው ደፋር መስሎ የሚታየው ሥራ ቦታው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በዛብሽ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ስትሰቅል ወደቀች። ጎረቤት ተሸክሞ አመጣት፣ ሐኪሙም የዳሌዋ ራጅ እንዲነሳ አዘዘ። ቢረሳው እንደ ልማዱ አጃቢውን አባረረ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ረሳው። አስተኛት፣ ማሽኑን አስተካከለ፣ ግድግዳው ጀርባ ገብቶ ማብሪያው ላይ እጁን አሳረፈ።

"ቢረሳው! ጥያቄውስ?" የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ። አዴ ሲንቄ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ሊታዩ ተራ ይጠብቃሉ።

ያልሰማ መሰለ።

"እኔን አሮጊቷን ጠይቀህ እሷን ትዘላታለህ?"

በረንዳው በሳቅ አውካካ። ቢረሳው አልሳቀም። ጥያቄውን ረስቶት አይደለም፤ መልሱን ፈርቶ ነው። እጁን ከማብሪያው አንስቶ ወጣ፣ አጠገቧ ቆመ፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"በዛብሽ... የወር አበባሽ መቼ መጣ?"

ዓይኗን ከጣራው ሳትነቅል መለሰችለት። "ከቀረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ መቼ ጠየቅከኝ? ደግሞ ባይሆንስ ብዬ ፈራሁ።"

ቢረሳው ማሽኑን አጠፋ። አልበቃው ብሎ ሶኬቱን ነቀለ። ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥም ከተሰቀለበት አውርዶ ሆዷ ላይ አለበሳት።

"አጥፍተኸው የለም እንዴ?" አለች እንባዋን እየጠረገች።

"ለማንኛውም!" አለ። ከዚያም ሐኪሙን ሊጠራ በሩን ከፈተ። አዴ ሲንቄና ጎረቤቶቹ የሚያባርራቸው መስሏቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ቢረሳው ግን በሩን ወለል አድርጎ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

"ግቡ" አላቸው። "ሁላችሁም ግቡ።"