ቴሳሊያን በቃል

ከቴሳሊያ እንግዶች እንደሚመጡ የሰማሁት ከወንድሜ ልጅ ነው። ቴሳሊያ በግሪክ አገር መሐል ያለች፣ እኛ ክልል የምንለው ዓይነት ግዛት ናት። እንግዶቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ስድስት ቀን ይቆያሉ። መሪያቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሲሆኑ፣ ሦስት አስጎብኚዎችን ሆቴሉ በረንዳ ላይ አነጋግረው አንዱን ይመርጣሉ። ከሦስቱ አንዷ የወንድሜ ልጅ ናት። ሁለቱ ወንዶች፣ የላሊበላን ውቅር ቤተ ክርስቲያናት ራሳቸው ጠርበው የጨረሱ ይመስል የሚያወሩ አንጋፋዎች ናቸው።

"አጎቴ፣ ይኼ ካልሆነልኝ በቃኝ" አለችኝ። "ባጄን መልሼ ወልድያ፣ ወንድሜ ሱቅ እገባለሁ። ሳሙና እሸጣለሁ።"

"ሳሙና ምን አደረገሽ?"

"ሳሙና ምንም አላደረገኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ግን ለሳሙና አይደለም።"

ቀልድ አልነበረም። በሽታውና ጦርነቱ እንግዳውን ካሳሱት ወዲህ ተራዋ የሚደርሰው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ሲደርስም አንድ አንጋፋ "እነዚህን እኔ አውቃቸዋለሁ" ብሎ ይወስድባታል። አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እስከ ፋሲካ ታገሺ ብሏት ነበር። ፋሲካ ካለፈ ሰነበተ።

"የሆቴሉ ሰውዬ እንዳለኝ፣ ስለ አገራቸው የሚያውቅ ሰው ደስ ይላቸዋል። እርስዎ ደግሞ የማያነቡት ነገር የለም።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ያነበብኩትን የሚፈልግ ሰው መጣ። አራት ቀን ነበረን። ቴሳሊያን በእግሬ ረግጫት አላውቅም፤ አገር ለመተረክ ግን መርገጥ ግድ ነው የሚሉኝን ሰዎች አላምናቸውም። ላሊበላ ተወልደው ቤተ ጊዮርጊስ ስንት በር እንዳለው የማያውቁ ጎረቤቶች አሉኝ።

የመጀመሪያውን ቀን በደስታ ሰክሬ ዋልኩ። ቴሳሊያ ዙሪያዋን በተራራ የታጠረች ትልቅ ገበቴ ናት። በሰሜን ኦሊምፖስ፣ በምዕራብ ፒንዶስ፣ በምሥራቅ ኦሳና ፔሊዮን ቆመዋል። ፒኒዮስ የሚባል ወንዝ ሜዳውን አቋርጦ፣ በኦሊምፖስና በኦሳና መካከል ጠባብ ሸለቆ ቀድዶ ባሕር ይገባል። ሜዳው ስንዴና ጥጥ ያበቅላል። ላስታ ውስጥ ለኳስ የሚሆን ጠፍጣፋ ቦታ ለማግኘት ሦስት ቀበሌ መዞር ያስፈልጋል፤ እነሱ ግን በሬ ጠምዶ ገደል ሳያይ የሚውል ገበሬ አላቸው። ቀናሁባቸው።

ታሪካቸው ደግሞ ለጉድ ነው። ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነ ሕዝብ ፔሊዮን ላይ ይኖር ነበር፤ ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ ጠጅ ሲያናውዘው ሙሽራዋን ሊጠልፍ ተነሣና ድንኳኑ ጦር ሜዳ ሆነ ይላሉ። ከቮሎስ ወደብ አጠገብ ሃምሳ ቀዛፊዎች የወርቅ ጸጉር ያለው የበግ ለምድ ለመስረቅ በመርከብ ተነሡ ይላሉ። ለወንድሜ ይህን ሳወራለት "ደበሎ ፍለጋ ባሕር ተሻገሩ?" አለኝ፤ ስለ እነዚያ ሰዎች ያለው ግምት ወዲያው ወረደ።

ሜቴኦራ መጣች። ከሜዳው ጫፍ እንደ ጣት ቀጥ ብለው የቆሙ ቋጥኞች፣ ጫፋቸው ላይ ገዳማት። መነኮሳቱ በድሮ ዘመን በመረብ ተጠቅልለው በገመድ ይሳቡ ነበር። የኛ አባቶች ድንጋዩን ቆፍረው ወደ ታች ወረዱ፤ የነሱ ድንጋዩን ረግጠው ወደ ላይ ሸሹ። ማንም ጤነኛ አስጎብኚ ከዚህ ይጀምራል። እኔ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳት።

"ገዳማቱን ብናስቀድም አይሻልም?" አለች የወንድሜ ልጅ።

"እኛን ሁሉም ሰው ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻ ሲጠይቀን አይሰለቸንም? እነሱም በሜቴኦራ ጆሯቸው ደንቁሯል። ሜዳውን እናክብርላቸው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ሌላው የሚያደርገውን ልታደርጊ ከሆነ እኔ ዘንድ ለምን መጣሽ?"

ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ጽፌ ሰጠኋት። እሷም ይዛው አባቷ ዘንድ ሄደች። ዋናው ጥፋት የተሠራው እዚያ ነው፤ ለሱም ተጠያቂው እኔ አይደለሁም።

ወንድሜ የዜማ መምህር ነው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። እሱ ቤት ዕውቀት የሚገባው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ከራስ እስከ እግር በቃል። የሳተ ከራሱ፣ ከመጀመሪያው ቃል፣ ይጀምራል። የተቋረጠም ከራሱ ይጀምራል። መሐል ላይ ጀምሮ መቀጠል ምሰሶ ሳይተክሉ ጣራ እንደ መሥራት ይቆጠራል። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግን ግቢው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣት።

"ቁሚ። እዚህ ላይ ትናንት ድምፅሽ ወርዶ ነበር።"

ወረቀቱን አየሁት። አንድ ቃል ዘላለች።

"የኔታ፣ ትርጉሙን ሳያውቁ እንዴት ያዟት?" አልኩት።

"ትርጉሙ ያንተ ሥራ ነው። ቃሉ የኔ ነው። ልጄ፣ ከራሱ።"

እሷም ከኦሊምፖስ ጀመረች። ሦስተኛው ቀን ላይ ቴሳሊያን እንደ ዳዊት ትደግም ነበር፤ የጎረቤት ሴቶች እንኳ ውኃ ሲቀዱ "ላሪሳ፣ ትሪካላ፣ ካርዲጻ፣ ቮሎስ" እያሉ ከተሞቹን ይደረድሩ ጀመር።

የምርጫው ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ሻይ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። አስተማሪዋ ሽበታም፣ ምርኩዝ የያዙ፣ ተማሪ ፈርቷቸው የኖረ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ያሉትን ስሰማ ስኒዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

"ብዙዎቻችን ከአንድ ከተማ ነን። ሜቴኦራ እግር ሥር ነው ቤታችን።"

የመጀመሪያው አንጋፋ ስለ አቴና ብዙ አወራ። "አቴና ዘመድ የለንም" አሉት። ሁለተኛው ስለ ሁለቱ አገሮች እህትማማችነት ሲያወራ አንዱ ሽማግሌ አንቀላፋ። የወንድሜ ልጅ ተራ ደረሰ።

"ስለ ሜቴኦራ የምታውቂው አለ?" አሏት።

አፏን ከፈተች። "ቴሳሊያ በተራራ የታጠረች ሜዳ ናት። በሰሜን ኦሊምፖስ..."

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከራሱ ጀመረች። ሜቴኦራ ለመድረስ ሁለት ገጽ ይቀራታል።

ወንዙ ላይ ስትደርስ አንድ ቀይ ፊት ሰውዬ "ፒኒዮስን እናውቀዋለን፤ ሜቴኦራስ?" አለ። ትንፋሽ ወሰደችና "ቴሳሊያ በተራራ የታጠረች ሜዳ ናት" አለች። ሰውዬው በድጋሚ ጥጡ ላይ አቋረጣት። እሷም በድጋሚ ኦሊምፖስ ላይ ወጣች። ሁለቱ አንጋፋዎች ተያዩ።

ያን ጊዜ የቀይ ፊቱ ሰውዬ ሚስት በግሪክኛ ተቆጣች፤ ኋላ እንደሰማሁት ፔሊዮን ሥር ያለችው የቮሎስ ልጅ ናትና "ስለ ፔሊዮን ልስማበት" ነው ያለችው። ሌላው "ዝም በሉ፣ ካቋረጣችኋት ዛሬ ምሳ የለም" አለ። እርስ በርስ ዝም ማሰኘት ተጀመረ። ሠርጉ ላይ የሰከሩት ፈረሶች ሲደርሱ በረንዳው በሙሉ ይስቅ ነበር፤ የወንድሜ ልጅ ግን ፊቷን እንደ ቅዳሴ አጽንታ ቀጠለች። ከመካከላቸው አንድ ዝምተኛ ሰው ወደ በሩ ያይ ነበር። ዞር ብዬ አየሁ። የኔታ እዚያ ቆሟል፤ ድንገት ያለፈ ለመምሰል እየሞከረ፣ መቋሚያው ግን ከአረፍተ ነገሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

"ያስተማሯት እሳቸው ናቸው?" አለኝ ሰውዬው። በከተማቸው ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር ነበር። "እኔም እንዲህ ነው የተማርኩት። አባቴ በማንኪያ ይመታኝ ነበር።"

በመጨረሻ ቋጥኞቹ ጋ ደረሰች። ሳቁ ቆመ። መረቡን፣ ገመዱን፣ ሽቅብ የሚሳቡትን መነኮሳት አለች። "ገመዱ የሚቀየረው መቼ ነው ብለው ቢጠይቋቸው..." ስትል አሥራ ሁለቱም አፋቸውን ከፈቱና አብረዋት "እግዚአብሔር ሲበጥሰው" አሉ። እዚያ ከተማ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም ለካ። በሜቴኦራ የተሰላቸ ሰው አንድም አላየሁ። ቀይ ፊቱ ሰውዬ ዓይኑን ያብስ ነበር።

አስተማሪዋ ግን አላለቀሱም።

"ሽመላዎቹን ረስተሻል" አሏት።

"የትኞቹን ሽመላዎች?"

"በየመንደራችን ጣራ ላይ ጎጆ የሚሠሩትን። ብርዱ ሳይገባ ተነሥተው ወደ እናንተ ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። የቴሳሊያን ነገር ያለ ሽመላ የጻፈልሽ ማነው?"

የወንድሜ ልጅ አላየችኝም፤ ለዚህ እስካሁን አመሰግናታለሁ። "ፍላቂት በኩል አጨዳ ሲያልቅ ማሳው ላይ ነጭ ሽመላ ይወርዳል" አለች፤ በዚያ ጠዋት ከወረቀት ውጭ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው። "የት ጎጆ እንዳላቸው ጠይቄ አላውቅም።"

አስተማሪዋ ምርኩዛቸውን አንሥተው ቆሙ። "ይምርሐነ ክርስቶስ ለመሄድ ነገ በስንት ሰዓት እንነሣ?" አሉ። የጠየቁት እሷን ነው። አንጋፋዎቹ ሻያቸውን ጨረሱ።

ወደ ቤተ ክርስቲያናቱ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ተከተልኳት።

"ሽመላው ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ አልነበረም" አልኳት።

"አይጨነቁ፣ አጎቴ። ስድስት ቀን አለኝ። የጎደለውን ጠይቄ አመጣልዎታለሁ" አለችና ወደ እንግዶቿ ወረደች።