ወንድምህ አንስቶልሃል

ነገሩ ያስከፈለኝ አንድ መኪና ድንች፣ አንድ የባሕር ዳር ደንበኛና አንድ ማኅበር ሙሉ ወንድም ነው። የሆነው አምና፣ እናቴ ያረፈች ሰሞን ነው። ነጋዴ ነኝና ኪሳራ አያስደነግጠኝም፤ ይኼኛው ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

እንጅባራ ውስጥ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነበርኩ። በየወሩ በተራ እየደገስን፣ ከአንድ ጽዋ እየጠጣን፣ "ወንድሜ" እየተባባልን ስንት ዓመት ኖረናል። ከማኅበርተኞቹ አንዱ አስማረ የሱቅ ጎረቤቴም ነው። እሱም እንደኔ ድንች ይነግዳል።

እናቴን የቀበርናት አዲስ ቅዳም ከተማ ነው። ማኅበርተኛው መጣ፤ አስማረ ቀረ። "መኪናው ተበላሽቶበት ነው" አሉኝ። መኪና ይበላሻል፤ አመንኩ።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የጥርባ መንደሩ ገበሬ አያ ፈንቴ መጡ። የማሳቸውን ድንች በዋጋ ተስማምተን፣ ቀብድ ሰጥቼ፣ ላነሳው ስል ነው ሐዘኑ የደረሰብኝ። አያ ፈንቴ አገውኛው ይቀናቸዋል እንጂ አማርኛ ላይ ቁጥብ ናቸው። የዚያን ቀን ግን ሊያጽናኑኝ ብዙ አወሩ።

"እግዜር ያጥናህ ልጄ። ስለ ድንቹ አታስብ፤ ትናንት ወንድምህ በመኪና አንስቶልሃል።"

"የቱ ወንድሜ?"

"አስማረ ነዋ! 'የጽዋ ወንድሙ ነኝ፣ እሱ ሐዘን ላይ ስለሆነ ልኮኝ ነው' አለኝ። ቀሪ ሒሳቤንም ሳያጓድል ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ሰው ምን ይጎድልበታል?"

ተበላሸ የተባለው መኪና ለካ ድንቼን ጭኖ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ባሕር ዳር ገብቷል። ያራገፈውም ለእኔው ደንበኛ ነው። ሽማግሌውን ማሳዘን አልፈለግሁም። "እውነትዎን ነው፣ አያ" አልኩ።

አስማረ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከእኔ በላይ አለቀሰ። ሰው ደግፎ አረጋጋው።

በወሩ ጽዋው ሊዞር ሲል የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው፣ እንደ ደንቡ ብድግ አሉ። "የተቀያየመ አለ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።" ይህ ጥያቄ ሁሌም ይጠየቃል፤ የሚመልስ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እኔ መለስኩ። ሁሉንም ተናገርኩ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ አስማረ። "ማሳ ላይ ሊበሰብስ ነበር። ደግሞስ ገበያ ሌላ፣ ማኅበር ሌላ።"

"ለአያ ፈንቴ 'የጽዋ ወንድሙ ነኝ' ስትል የትኛው ላይ ነበርክ?"

አንዱ ሳቀ። ሙሴው አልሳቁም።

"ልጄ፣ የድንች ወሬ በሚካኤል ጽዋ ፊት አይነሳም። ይቅር በልና ጠጣ።"

"ይቅርታ ማን ጠየቀኝ፣ አባቴ?"

ጽዋው ሲደርሰኝ ሳልቀምስ አሳለፍኩት። ቂም ይዞ አይጠጣም ያሉት እነሱው ናቸው። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠው አስማረ ነበር፤ ግጥም አድርጎ ጠጣና አፉን ጠረገ። ሳል የለበትም።

"ጽዋ የናቀ ማኅበር ያፈርሳል" ብለው እኔን አሰናበቱኝ።

አያ ፈንቴ ዛሬም ድንች የሚሸጡት ለእኔ ነው። በተገናኘን ቁጥር "ያ ወንድምህ ደህና ነው?" ይሉኛል። ደህና ነው እላለሁ። አልዋሸሁም፤ ወፍሯል።

እናቴ የለችም። ማኅበር የለኝም። ድንች አለኝ።